ዕድሜ ልክ በነጻ የሚያስገባው ካርድ ኪሳራው በማን ላይ ነው?

በአሜሪካ የቤዝቦል ገበያ ዋጋ ያልወጣለት ነገር ቢኖር የዕድሜ ልክ የነጻ መግቢያ ካርድ ነው። ወንበሩ ዋጋ አለው፤ የመኪና ማቆሚያው ዋጋ አለው፤ ቢራውና በዳቦ የሚቀርበው ቋሊማም እንዲሁ። የስታዲየሙ ስም ሳይቀር ለባንክና ለስልክ ኩባንያ ይሸጣል። ካርዱን ግን በየትኛውም የቲኬት መስኮት ገዝቶ የሚያገኝ የለም። ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ ከተሰጠ በኋላም ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ሳይከፍል ጨዋታ ያያል። ነጋዴ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ ኪሳራው በማን ላይ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ እንደሚታሰበው አይደለም።

ካርዱን በብዛት የያዙት የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። በአሁኑ አሠራር በትልቁ ሊግ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ተጫዋች ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በ30ዎቹም ክለቦች ስታዲየም የሚያስገባው ካርድ ይሰጠዋል። ስምንት ዓመት ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስፖርት ብዙው ተጫዋች ገና ስሙ ሳይለመድ ወደ ታችኛው ሊግ የሚመለስ ወይም ጭራሽ የሚወጣ በመሆኑ ካርዱን የሚደርሱበት ጥቂቶች ናቸው። ከተጫዋቾች ሌላ ሊጉ ሊያከብራቸው የፈለጋቸው ሰዎች አሉ። የእነርሱ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ታሪካቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታችኞቹ ሊጎች ማኅበር ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከወርቅ የተሠራ ካርድ አበረከተ። ካርዱ በ36 ሊጎችና በ256 ከተሞች የሚደረጉ ጨዋታዎችን ዕድሜ ልክ ያስገባ ነበር። ሩዝቬልት አደንና ቦክስ እንጂ ቤዝቦል የሚወድ ሰው አልነበረም። ለማኅበሩ ይህ ችግር አልሆነበትም፤ የፈለገው ፕሬዚዳንቱ በካርዱ እንዲገባ ሳይሆን የፕሬዚዳንቱ ስም በካርዱ ላይ እንዲገባ ነበርና።

በ1930ዎቹ ደግሞ ሁለቱ ትልልቅ ሊጎች ለረጅም ጊዜ ላገለገሉ ተጫዋቾች ስማቸው የተቀረጸበት የብር ካርድ መስጠት ጀመሩ። መጠኑ ከኪስ ቦርሳ የማይበልጥ፣ ወረቀት ያልሆነ፣ የማይቀደድና የማይበሰብስ ካርድ ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ የነጻ ቲኬት በሽያጭ እንዳይቆጠር በላዩ ላይ ቀዳዳ ይበሳበት ስለነበር፣ የቲኬት ሠራተኞች በጥይት ካርታ እየበሳች ታሳይ በነበረችው ዝነኛ ተኳሽ ስም «አኒ ኦክሌይ» ብለው ይጠሩት ነበር። የብሩን ካርድ ግን የሚበሳው አልነበረም።

የሃምሳ ሁለቱ ካርድ

በኅዳር ወር 1979 ቴህራን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ተወረረ። 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታግተው ከቆዩ በኋላ ጥር 20 ቀን 1981 ተለቀቁ። አገር ቤት ሲገቡ የጠበቃቸው ሰልፍ፣ ቢጫ ጥብጣብና የመሪዎች ንግግር ነበር። የቤዝቦል ኮሚሽነር የነበሩት ቦዊ ኩን ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የዕድሜ ልክ የነጻ መግቢያ ካርድ እንዲሰጣቸው ወሰኑ።

በእኛ ቋንቋ «ዕድሜ ልክ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፍርድ ቤት ነው። ከ14 ወራት እስር ለወጣ ሰው «ዕድሜ ልክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድ መስጠት በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ቃሉን መቀየር ሳያስፈልግ አይቀርም ነበር። በእንግሊዝኛው ግን የተስፋ ቃል ሆኖ ተሰማ።

ካርዱ የተሰጠበት ዓመት ለስጦታው አልተመቸም። በዚያው በ1981 ሰኔ 12 ተጫዋቾች ሥራ አቆሙ። አድማው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቆይቶ 713 ጨዋታዎች ተሰረዙ። ስለዚህ የካርዱ ባለቤቶች ነጻነታቸውን ባገኙበት የመጀመሪያ በጋ እኩሌታ ስታዲየሞቹ ዝግ ነበሩ። የነጻ መግቢያ ካርድ በር ያስከፍታል እንጂ ጨዋታ አያስጀምርም።

ከዚህ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ካርዱ ከሌላው ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር የነበረው ቦታ ነው። እገታው ያበቃው በአልጀርስ በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ ታጋቾቹ ኢራንን ከስሰው ካሣ እንዳይጠይቁ በሩን የዘጋውም ይኸው ስምምነት ነበር። ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይዘውት ቢዞሩም የገዛ መንግሥታቸው ጭምር ስምምነቱን እየጠቀሰ ተከራከራቸው። ኮንግረሱ ለእያንዳንዱ የእገታ ቀን 10 ሺህ ዶላር፣ በድምሩም ለአንድ ሰው 4.44 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲከፈል የሚፈቅድ ሕግ ያወጣው በ2015 መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ከ52ቱ ውስጥ ከአሥር በላይ የሚሆኑት በሕይወት አልነበሩም። ገንዘቡም የተገኘው ማዕቀብ ጥሰው ከተቀጡ ኩባንያዎች፣ በተለይም ቢኤንፒ ፓሪባ ከተባለው የፈረንሳይ ባንክ ቅጣት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ሳይሆን በየዙሩ እየተከፋፈለ የሚሰጥ ነው።

እንግዲህ ከ1981 እስከ 2015 ባሉት 34 ዓመታት እነዚህ ሰዎች ለደረሰባቸው ነገር በእጃቸው ከያዙት ጥቂት የሚዳሰስ ነገር አንዱ የቤዝቦል ካርድ ነበር። መንግሥት ያልፈጸመውን የስፖርት ድርጅት ፈጸመው ማለት አይደለም፤ ካርድና ካሣ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ግን የትኛው ተስፋ ቶሎ እንደተከፈለ ዓመታቱ ይናገራሉ። ምክንያቱም የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ትናንት ያልተሸጠ ወንበር

መደበኛው የውድድር ዘመን ለአንድ ክለብ 162 ጨዋታ አለው። ግማሹ፣ ማለትም 81ዱ፣ በሜዳው ነው። ስታዲየሙ 40 ሺህ ወንበር ቢኖረው ክለቡ በዓመት ለገበያ የሚያቀርበው 3 ሚሊዮን 240 ሺህ ወንበር ይሆናል። አሁን 52ቱም የካርድ ባለቤቶች አንድ ከተማ ይኖራሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ያስከትላሉ፣ ከ81ዱ ጨዋታ አንድም አያልፋቸውም ብለን እናስብ። የሚይዙት 8 ሺህ 424 ወንበር ነው። ከ385 ወንበር አንዱ ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ሰዎቹ በመላው አገር የተበተኑ፣ አንዳንዶቹም ለኳሱ ግድ የሌላቸው በመሆናቸው ሒሳቡ ከዚህም እጅግ ያንሳል።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የስታዲየም ወንበር እንደ ቲማቲም ነው፤ ቀኑ ካለፈ አይሸጥም። ማታ በ1 ሰዓት በሚጀመር ጨዋታ ባዶ የቀረ ወንበር በማግስቱ ዋጋው ዜሮ ነው። ሌላ ሰው ሊገዛው የማይችለውን ወንበር በነጻ መስጠት ክለቡን የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። እንዲያውም ያስገባለታል፤ በነጻ የገባው ሰው የመኪና ማቆሚያ ይከፍላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለልጅ ልጁ ቆብ ይገዛል። ካርዱ የሚያስገባው በበሩ እንጂ በምግብ ቤቱ አይደለም።

የኦክላንድ አትሌቲክስ ክለብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2023 የውድድር ዘመን በሙሉ ሜዳው የገባው ተመልካች 832 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ በአማካይ ለአንድ ጨዋታ 10 ሺህ 300 ያህል ሰው ማለት ነው። ስታዲየሙ ከ40 ሺህ በላይ ይይዝ ነበር። በዚያ ቤት የነጻ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው እንግዳ እንጂ ተጧሪ አልነበረም። ክለቡ ከ2024 በኋላ ኦክላንድን ለቆ በላስቬጋስ የሚሠራለት ስታዲየም እስኪያልቅ ወደ ሳክራሜንቶ ሲዛወር ያረፈው ወደ 14 ሺህ ሰው በሚይዝ ትንሽ ሜዳ ላይ ነው። ካርዱ ያው ካርድ ነው፣ ክለቡም ያው ክለብ ነው፤ የነጻ ወንበሩ ዋጋ ግን በአንድ ክረምት ተቀየረ።

ሊጉ ይህን ስለሚያውቅ በካርዱ ላይ ሁለት አጥሮች አጥሯል። አንደኛው ካርዱ የሚሠራው ለመደበኛው የውድድር ዘመን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ወንበር በድጋሚ ሽያጭ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በሚያወጣበት በጥቅምት ወር፣ የዋንጫው ጨዋታ ሲደርስ፣ የካርዱ ባለቤት እንደማንኛውም ሰው ኪሱን ይዳብሳል። ሁለተኛው አጥር ካርዱ ራሱ ወንበር አለመሆኑ ነው። ባለካርዱ አስቀድሞ ለክለቡ የቲኬት ክፍል ያሳውቃል፤ ክለቡ ባለው ቦታ ይመድብለታል፤ መታወቂያውን አሳይቶ ቲኬቱን ይወስዳል። የትኛው ጥግ እንደሚሰጠው የሚወስነው ክለቡ ነው፤ ክቡር ትሪቡን መቀመጥ መብቱ አይደለም። ካርዱ ለልጅ አይወረስም፣ ለጎረቤት አይዋስም።

እነዚህ አጥሮች ባይኖሩ ምን ይፈጠር እንደነበር ለማየት ከስታዲየም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያው በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥረው 250 ሺህ ዶላር ለከፈለ ሰው ዕድሜ ልኩን በአንደኛ ማዕረግ ያለገደብ የሚበርበት ካርድ ሸጠ። ተጨማሪ የከፈለ ሰው ደግሞ ባልንጀራ ማስከተል ይችል ነበር። ኩባንያው ገዢዎቹ የሚበሩትን ያህል ብቻ ይበራሉ ብሎ ገምቶ ነበር። አንዳንዶቹ ግን እንደ ከተማ አውቶቡስ ተሳፈሩበት። ዋጋው በ1990 ወደ 600 ሺህ፣ በ1993 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍ ቢልም አልበቃም፤ በ1994 ሽያጩ ቆመ። በ2008 ኩባንያው አብዝተው የተጠቀሙ ሁለት ደንበኞችን ደንብ ጥሰዋል ብሎ ካርዳቸውን ሰረዘ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። አየር መንገዱ ተስፋውን ሸጠ፤ ገዢው ገንዘቡን ስለከፈለ እስከ መጨረሻው ጠብታ የመጠቀም መብት አለኝ አለ፣ የተሞላ አውሮፕላን ላይም ወንበር ያዘ። ቤዝቦል ግን ተስፋውን ሰጠ፤ የተቀበለው ሰው ባለዕዳ ሳይሆን ተመስጋኝ ስለሆነ በልክ ይጠቀማል፤ ወንበሩም የሚሰጠው ከተረፈው ነው። ሰው በነጻ ያገኘውን ያባክናል የሚለው አባባል በዚህ ገበያ አልሠራም።

ዕድሜ ልክ የመክፈል መብት

ቤዝቦል «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ጭራሽ አይሸጥም ማለት ግን አይደለም። በ2000 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ስታዲየም 357 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ በአብዛኛው የተሠራው በግል ገንዘብ ነው። ከገንዘብ ምንጮቹ አንዱ ከ10 ሺህ በላይ በሚሆኑ ምርጥ ወንበሮች ላይ የተሸጠው የወንበር ፈቃድ ነበር። ገዢው በመጀመሪያ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፍላል። በዚህ የሚያገኘው ጨዋታ ማየት ሳይሆን በየዓመቱ የዚያን ወንበር ቲኬት ቀድሞ የመግዛት መብት ነው። ቲኬቱን ደግሞ ለብቻው ይከፍላል።

ለቤት ፈላጊ «ቁልፍ» ከፍሎ በላዩ ኪራይ መክፈልን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ግን እዚህም የገበያ አመክንዮ አለው። ፈቃዱ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ክለቡ ሲያሸንፍና ቲኬት ሲወደድ ዋጋው ይወጣል፤ ክለቡ ሲዳከም ይወርዳል። ባለፈቃዱ በግማሽ ደጋፊ፣ በግማሽ ባለአክሲዮን ይሆናል፤ የትርፍ ድርሻ ግን አይከፈለውም። በነጻ የተሰጠው ካርድ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ፈቃድ በነጻ አያስገባም። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም የሁለቱ ሰነዶች አቅጣጫ ተቃራኒ ነው።

በመካከል ግብር ሰብሳቢው አለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1917 የአሜሪካ መንግሥት በመዝናኛ መግቢያ ላይ የጦርነት ግብር ሲጥል በነጻ የሚገባውም ሰው ሳይቀር ድርሻውን እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በሐምሌ ወር 2011 የኒው ዮርክ ያንኪስ ኮከብ ዴሪክ ጂተር 3 ሺህኛ ምቱን ወደ ተመልካች ሲልካት ኳሷን የያዘ አንድ ወጣት ደጋፊ በሽያጭ ብዙ ሊያወጣባት ሲችል ለተጫዋቹ መለሰለት። ክለቡም ለቀረው የውድድር ዘመን የምርጥ ወንበሮች ቲኬትና ሌሎች ስጦታዎች ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ጋዜጦች ስጦታው በገበያ ዋጋው ተገምቶ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ግብር ሊያስከፍለው እንደሚችል መጻፍ ጀመሩ። ነገሩ ያሳዘናቸው ኩባንያዎች ግብሩን እንክፈልለት ብለው እስከመቅረብ ደረሱ። የአንድ ወቅት ቲኬት ዋጋ ይታወቃልና ለመገመት ይቀላል። የዕድሜ ልክ ካርድ ግን ስንት ዓመት፣ ስንት ጨዋታ፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ወንበር ተብሎ ይተመናል? ዋጋ የሌለው ነገር አንዳንዴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜው የማን ነው?

ሌላው ጥያቄ «ዕድሜ ልክ» ሲባል የባለካርዱ ዕድሜ ነው ወይስ የክለቡ የሚለው ነው። ሂልዳ ቼስተር በኒው ዮርክ የብሩክሊን ዶጀርስ ስመ ጥር ደጋፊ ነበረች። ደወል ይዛ ስትጮህ ስታዲየሙ በሙሉ ይሰማት ነበር። የክለቡ አሠልጣኝ ሊዮ ዱሮቸር በተሻለው የመቀመጫ ክፍል ዕድሜ ልክ የሚያስገባ ካርድ ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን ከወዳጆቿ ጋር ርካሹ ቦታ መቀመጥን መረጠች ይባላል። ያም ሆነ ይህ ክለቡ ከ1957 የውድድር ዘመን በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ስታዲየሙም በ1960 ፈረሰ። ሂልዳ ከሁለቱም በላይ ኖራለች። የአንድ ክለብ ካርድ የያዘ ሰው ከክለቡ ባለቤት ፍላጎት በላይ ዋስትና የለውም።

ሊጉ የሰጠው ካርድ ግን ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው። ሞንትሪያል ክለቧን በ2005 ለዋሽንግተን ስታጣ የሊግ ካርድ የያዘ ሰው የጠፋበት ነገር የለም፤ በሩ ቦታ ቀየረ እንጂ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለውን ይህን ስታዲየም ያውቁታል፤ በተለይ ታክሲ የሚያሽከረክሩት፤ ጨዋታ የሚያልቅበትን ሰዓት የሚከታተሉት ግን ለውጤቱ ብለው አይደለም። በ1981 ሊጉ 26 ክለቦች ነበሩት፤ በ1993 ሁለት፣ በ1998 ሁለት ተጨምረው 30 ሆኑ። የታጋቾቹ ካርድም ማንም ሳንቲም ሳይጨምርበት በአራት ከተሞች ሰፋ።

አሁን ካርዱን እየተፈታተነው ያለው ስልክ ነው። ከ2020 ወዲህ ባሉት ዓመታት የትልቁ ሊግ ቲኬት በአብዛኛው በስልክ የሚላክ ሆኗል። በ2023 ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ፊቱን ለካሜራ አሳይቶ ስልክ ሳያወጣ የሚገባ ሰው መታየት ጀመረ። የብር ካርድ በኪሱ ይዞ የመጣ የ80 ዓመት አዛውንት በሩ ላይ ያለው ማሽን አያነብለትም። ካርዱን ለሰው ያሳያል፤ ሰውየው ለአለቃው ይደውላል፤ ወይም በልጅ ልጁ ስልክ ቲኬት ይላክለታል። መብቱ አልተነካም፤ መጠየቂያው ግን ረዘመ፤ እያንዳንዱ ርዝመት ደግሞ ከሚመጡት ላይ አንድ ሁለቱን ያስቀራል።

ባለቤቱ ሲሞት ካርዱ በር መክፈቱ ያበቃል። ቁራጭ ብረቱ ግን ለቤተሰቡ ይቀራል፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ይወጣለታል። በ1930ዎቹ የተሠሩት፣ የታዋቂ ተጫዋቾች ስም ያለባቸው የብር ካርዶች በስፖርት ቅርሶች ጨረታ ላይ ይቀርባሉ፤ ገዢዎቻቸውም አሉ። ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ካርዱን ይዞ ስታዲየም ቢሄድ ግን እንደ ሌላው ተሰልፎ ቲኬት ይገዛል።